ድር ቢያብር የማያስረው አንበሳ፦ ብርሃን ቅንጣት፣ ቁስ አካልም ሞገድ ሆነው የተገኙበት ታሪክ

ከሪያድ እስከ ፍራንክፈርት፣ ከቴል አቪቭ እስከ ዋሽንግተን፣ ብዙ ወገኖቻችን የአማርኛ ሥርጭት የሚከታተሉት በጣሪያ ወይም በሰገነት ላይ በተተከለ ዲሽ አማካይነት ነው። ዲሹ የሚቀበለው ሞገድ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከምትገኝ ሳተላይት ይመጣል፤ ሳተላይቷም በበኩሏ ሥራዋን የምታከናውነው ክንፍ መስለው በተዘረጉ፣ የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጡ ሰሌዳዎች ነው። አንዱ የሬዲዮ ሞገድን፣ ሌላው ብርሃንን የሚመለከቱ እነዚህ ሁለት ነገሮች የማይገናኙ ይመስላሉ። ነገር ግን የሬዲዮ ሞገድ መኖሩ በማያሻማ መንገድ የተረጋገጠበትና ብርሃን በብረት ላይ የሚያደርሰው ኤሌክትሪካዊ ተጽዕኖ ፍንጭ የተገኘበት ጠረጴዛ አንድ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የካርልስሩኸው ጨለማ ሣጥን

በ1887 ሃይንሪክ ኸርትዝ የሠላሳ ዓመት ሰው ሲሆን በጀርመን ካርልስሩኸ ከተማ ፊዚክስ ያስተምር ነበር። ከእርሱ በፊት ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ብርሃን የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ መሆኑን በስሌት አሳይቶ ነበር፤ በሙከራ ግን ያረጋገጠው አልነበረም። ኸርትዝ በአንድ በኩል ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ፍንጣሪ የሚያወጣ መሣሪያ አቆመ፤ ራቅ ብሎም ጫፎቹ በጠባብ ክፍተት የተለያዩ የሽቦ ቀለበት አስቀመጠ። በመጀመሪያው መሣሪያ ፍንጣሪ በዘለለ ቁጥር ምንም ሽቦ ባላገናኘው ቀለበት ክፍተት ላይም ደቃቅ ፍንጣሪ ብልጭ አለ። ሞገዱ አየሩን ተሻግሮ ደረሰ ማለት ነው።

ችግሩ የሁለተኛው ፍንጣሪ እጅግ ማነስ ነበር። ኸርትዝ በደንብ ለማየት ሲል ቀለበቱን በጨለማ ሣጥን ውስጥ ከተተው። በዚህ ጊዜ ያልጠበቀው ነገር ሆነ፤ ፍንጣሪው ይበልጥ አጠረ። የሣጥኑን ግድግዳዎች አንድ በአንድ እያነሣ ቢመረምር ጥፋተኛው በሁለቱ ፍንጣሪዎች መካከል የቆመው ግድግዳ ሆኖ ተገኘ። በግድግዳው ፈንታ መስታወት ቢያቆም ፍንጣሪው እንዳጠረ ቀረ፤ ኳርትዝ የተባለውን ጥርት ያለ ማዕድን ቢያቆም ግን ፍንጣሪው ረዘመ። መስታወት የሚከለክለው፣ ኳርትዝ የሚያሳልፈው፣ ዓይን የማያየው ብርሃን አለ፤ ይኸውም ከሐምራዊው ቀለም ባሻገር ያለው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ከትልቁ ፍንጣሪ የሚወጣው ይህ ጨረር የቀለበቱን ጫፎች ሲመታ ፍንጣሪው በቀላሉ እንዲዘል ይረዳው ነበር።

ኸርትዝ ያየውን በጥንቃቄ መዝግቦ አሳተመ፤ ምክንያቱን እገምታለሁ ሳይል ወደ ሞገዶቹ ተመለሰ። በ1894 ገና በ36 ዓመቱ ዐረፈ። ነገሩን ልብ ላለው ሰው የሚገርም ነው፦ ብርሃን ሞገድ መሆኑን ለዓለም ያረጋገጠው ሙከራ ብርሃን ሞገድ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳየውንም ማስረጃ በጉያው ይዞ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ቪልሄልም ሃልቫክስ አሉታዊ ሙል የያዘ የዚንክ ሰሌዳ አልትራቫዮሌት ሲያርፍበት ሙሉን እንደሚያጣ አሳየ። በ1899 ደግሞ እንግሊዛዊው ጄ. ጄ. ቶምሰን፣ ከሁለት ዓመት በፊት ማንነቱን ይፋ ያደረገው ኤሌክትሮን ከብረቱ እየተነቀለ የሚወጣው ቅንጣት መሆኑን ለየ። ብርሃን ከብረት ኤሌክትሮን የሚያስፈነጥርበት ይህ ክስተት ፎቶኤሌክትሪክ ክስተት ይባላል።

መቶ አጫጭር ገመዶች

የኸርትዝ ረዳት የነበረው ፊሊፕ ሌናርድ በ1902 ነገሩን በጥልቀት ሲመረምር እንቆቅልሹ ገሃድ ወጣ። ብርሃን ሞገድ ከሆነ፣ ደማቅ ብርሃን ማለት ትልቅ ማዕበል ነው፤ ትልቅ ማዕበል ደግሞ ኤሌክትሮኑን በበለጠ ጉልበት ሊያስፈነጥረው ይገባል። ሌናርድ ያገኘው ግን ሌላ ነው። የብርሃኑን ድምቀት ቢጨምር የሚወጡት ኤሌክትሮኖች ቁጥር ጨመረ እንጂ የእያንዳንዳቸው ከፍተኛ ፍጥነት አልተለወጠም። ፍጥነቱን የሚወስነው የብርሃኑ ቀለም፣ ማለትም ሞገዱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የሚለካው ድግግሞሽ ነበር። ከተወሰነ ድግግሞሽ በታች ሲሆንም ብርሃኑ የቱንም ያህል ቢደምቅ አንድ ኤሌክትሮን እንኳ አይወጣም። በአንጻሩ ትክክለኛው ቀለም ከሆነ፣ ብርሃኑ እጅግ ደብዛዛ ቢሆንም፣ ኤሌክትሮኖች ወዲያውኑ መውጣት ይጀምራሉ፤ ከጊዜ በኋላ በተደረጉ ልኬቶች መዘግየቱ ከጥቂት ቢሊዮንኛ ሰከንዶች እንደማይበልጥ ታውቋል።

አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ። ደካማ ነገር ሲደራረብ ብርቱውን ያሸንፋል የሚለው አባባል ለማኅበራዊ ኑሯችን እውነት ነው፤ በሞገድ ሕግም እውነት መሆን ነበረበት። ብረቱ ውስጥ ያለው ኤሌክትሮን ግን በዚህ አባባል የሚታሰር አንበሳ ሆኖ አልተገኘም። ሚሊዮን ጊዜ የበዛ ቀይ ብርሃን ከዚንክ ሰሌዳ አንድ ኤሌክትሮን አያላቅቅም፤ ጭላንጭል የምታክል አልትራቫዮሌት ግን ታላቅቃለች።

መልሱን በ1905 የሰጠው በስዊዘርላንድ በርን ከተማ የፈጠራ መብት በሚመዘግብ መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ደረጃ ባለሙያ የነበረው የ26 ዓመቱ አልበርት አይንሽታይን ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ማክስ ፕላንክ የጋሉ አካላት የሚያወጡትን ብርሃን ለማስላት ሲል ጉልበት በተቆራረጠ መጠን ይሰጣል የሚል መላ አምጥቶ ነበር፤ ለእርሱ ግን ከስሌት ዘዴ የዘለለ ትርጉም አልነበረውም። አይንሽታይን መላውን በቁሙ ወሰደው። ብርሃን ራሱ የማይከፈሉ የጉልበት እሽጎች ስብስብ ነው፤ የአንዱ እሽግ ጉልበትም የብርሃኑ ድግግሞሽ ፕላንክ ባገኘው ቁጥር ተባዝቶ የሚገኘው ነው አለ። እሽጎቹ ዛሬ ፎቶን ይባላሉ።

ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ሰው አስቡ። ከላይ ሆናችሁ እስከ ጉድጓዱ እኩሌታ ብቻ የሚደርሱ መቶ ገመዶች ብትጥሉለት አንዱንም አይዝም። አፉ ድረስ የሚበቃ አንድ ገመድ ግን ያወጣዋል። ኤሌክትሮኑ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ፎቶን ነው። ፎቶኑ የሚሰጠው ጉልበት ብረቱ ኤሌክትሮኑን ከሚይዝበት ጉልበት ካነሰ ነገሩ ከንቱ ነው፤ ከበለጠ ግን ኤሌክትሮኑ ይወጣል፣ የተረፈውም ጉልበት ፍጥነት ይሆነዋል። ቀዩ ብርሃን 1.8 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ፣ ሐምራዊው 3.1 ያህል ጉልበት በአንድ ፎቶን ይሸከማል፤ ከዚንክ ኤሌክትሮን ለማላቀቅ 4.3 ያስፈልጋል። ቀዩም ሆነ ሐምራዊው ለምን እንደማይበቁ፣ አልትራቫዮሌት ለምን እንደሚበቃ ከዚህ ይታያል።

አንድ ነገር ግን ሳይጠቀስ መቅረት የለበትም። ማሪያ ጎፐርት ሜየር በ1931 ሁለት ፎቶኖች በአንድ ቅጽበት አብረው ቢደርሱ ጉልበታቸው ሊደመር እንደሚችል በስሌት አሳየች፤ ሌዘር በተፈለሰፈ ማግሥትም ይህ በሙከራ ተረጋገጠ። ስለዚህ የአባቶች አባባል ፈጽሞ አልተሻረም፤ ድሩ የሚያብርበት ብርሃን ግን ከተራ አምፖልም ሆነ ከፀሐይ የሚገኝ አይደለም።

ሊያፈርስ ተነሥቶ የገነባው ሰው

የአይንሽታይንን ሐሳብ ያመነ አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1913 ፕላንክና ባልደረቦቹ አይንሽታይን የፕሩሲያ የሳይንስ አካዳሚ አባል እንዲሆን ሲያቀርቡት፣ በብርሃን እሽጎች ጉዳይ ዒላማውን ስቶ ሊሆን እንደሚችል ጠቅሰው ይህ እንዳይቆጠርበት ጠይቀዋል። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሮበርት ሚሊካን ደግሞ ስሕተቱን በልኬት ለማሳየት ተነሣ። ንጹሕ ያልሆነ የብረት ገጽ ውጤቱን ስለሚያዛባው፣ አየሩ በተመጠጠ የመስታወት ዕቃ ውስጥ የሶዲየምን፣ የፖታሲየምንና የሊቲየምን ገጽ የሚልጥ ቢላዋ ገጠመ፤ ቢላዋውንም ከውጭ በማግኔት ያንቀሳቅሰው ነበር። አሥር ዓመት ያህል ከለፋ በኋላ በ1916 ያሳተመው ውጤት አይንሽታይን የተነበየው ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ተገኘ፤ ከመስመሩ ያዘነበለ ልክ የወጣው የፕላንክ ቁጥርም ሌሎች በሌላ መንገድ ካገኙት ጋር ተስማማ።

ሚሊካን ቀመሩ ትክክል መሆኑን መሰከረ፤ ብርሃን እሽግ ነው የሚለውን ግን በዚያው ጽሑፉ ሊቀበል አልወደደም። በ1950 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ነገሩን ከመነሻው ያመነበት አስመስሎ መተረኩን የሳይንስ ታሪክ ጸሐፍት ልብ ብለውታል። የሰው ልጅ ትዝታ እንዲህ ነው፤ ልኬቱ ግን ቁልጭ ብሎ ቀርቷል፣ ክብሩም የሚገባው ለልኬቱ ነው።

አይንሽታይን የ1921ን የኖቤል ሽልማት የተቀበለው በአንጻራዊነት ሳይሆን በዚህ የፎቶኤሌክትሪክ ሕግ ነው። በክስተቱ ላይ ቁልፍ ሙከራ ያደረገው ሌናርድ በዚያን ጊዜ ወደ ጠላትነት ዞሯል፤ ኋላም የሂትለር ደጋፊ ሆኖ የአይንሽታይንን ሥራ «የአይሁድ ፊዚክስ» እያለ ሲያወግዝ ኖረ። የገዛ መምህሩ ኸርትዝ በአባቱ በኩል ከአይሁድ ቤተሰብ የሚወለድ ነበር።

ዲሹን ወይስ ፀሐይን?

ይህ ሕግ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በየቤታችን የሚገባበት ቦታ አለ። የስልክ ማማ፣ ዲሽና ዋይፋይ ካንሰር ያመጣሉ የሚሉ መልእክቶች በቤተሰብ የስልክ ቡድኖች ውስጥ እየተቀባበሉ ይዞራሉ። በ2020 በብሪታንያ ከአምስተኛው ትውልድ ኔትወርክ ጋር በተያያዘ ወሬ ምክንያት በርካታ የስልክ ማማዎች በእሳት ተቃጥለዋል።

ሞገዱን በአይንሽታይን ሚዛን እንመዝነው። ለቴሌቪዥን የሚያገለግለው የሳተላይት ሞገድ በሰከንድ 12 ቢሊዮን ጊዜ ያህል ይርገበገባል። የአንዱ ፎቶን ጉልበት ታዲያ አንድ ቀይ ፎቶን ከሚሸከመው ከ35 ሺህ ጊዜ በላይ ያነሰ ነው። ከሻማ የሚወጣው ቀይ ብርሃን የሕዋሳችንን የዘር ሞለኪውል መስበር ካልቻለ፣ ይህ ሞገድ በዚያ መንገድ ሊሰብረው አይችልም፤ አጫጭሮቹን ገመዶች ማብዛት ጉድጓዱን አያሳጥረውም። ሕጉ ስለ ጤና የሚነሣውን ጥያቄ ሁሉ ይዘጋል ማለት አይደለም። ኃይለኛ የሬዲዮ ሞገድ ሥጋን ያሞቃል፤ የማይክሮዌቭ ምድጃ የሚሠራው በዚህ ነው፣ ለማማዎች የደኅንነት ወሰን የሚበጀውም ለዚሁ ነው። የቤታችን ዲሽ ግን እጅግ ደካማ ሞገድ ይቀበላል እንጂ አይረጭም።

ልንፈራው የሚገባን ብዙዎቻችን የማንፈራው ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት አንድ ፎቶን ብቻውን አራት ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ስለሚሸከም የዘር ሞለኪውልን ትስስር ለማዛባት ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ምድጃ ሥር ተቀምጣ እንጀራ የምትጋግር እናት ሙቀቱ ያደክማታል፤ እሳቱ ግን ይህን ዓይነት ጉዳት የሚያደርስ ፎቶን የለውም። በኢትዮጵያ ደጋ አየሩ ስስ ነው፤ ለምድር ወገብም ቅርብ ስለሆነ ፀሐይዋ ከአናት ትወርዳለች። ብርድ ስለሆነ ብቻ ፀሐይዋ የዋህ ትመስላለች፤ አይደለችም። ጨረሩን የሚመክተው በቆዳችን ያለው ሜላኒን ነው፤ አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ይህ መከላከያ ስለሚጎድላቸው ለቆዳ ካንሰር እጅግ የተጋለጡ ናቸው። ለእነርሱ ሰፊ ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌና የፀሐይ መከላከያ ቅባት የቅንጦት ዕቃ አይደሉም። ከባሕር ማዶ ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ሻንጣው ውስጥ ቅባቱን ከመያዝ የተሻለ ስጦታ ጥቂት ነው።

ልዑሉ ጥያቄውን ገለበጠው

ብርሃን ሞገድም ቅንጣትም ነው ከተባለ፣ ቅንጣት የምንለው ነገርስ? ይህን የጠየቀው ፈረንሳዊው የመሳፍንት ልጅ ሉዊ ደ ብሮይ ነው። አስቀድሞ የተማረው ታሪክ ነበር፤ ወደ ፊዚክስ የሳበው በኤክስሬይ ምርምር የታወቀው ወንድሙ ሞሪስ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በኤፍል ማማ ሥር በነበረው የሬዲዮ ጣቢያ አገልግሏል፤ ከሞገድ ጋር ትውውቁ የመጽሐፍ ብቻ አልነበረም።

በኅዳር 1924 በፓሪስ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ የሚንቀሳቀስ ቁስ አካል ሁሉ ሞገድ አለው አለ። የሞገዱ ርዝመት የሚገኘው የፕላንክን ቁጥር ለግዝፈቱና ለፍጥነቱ ብዜት በማካፈል ነው። መርማሪዎቹ ምን እንደሚሉ ስላመነቱ አንደኛው፣ ፖል ላንዥቫን፣ ጽሑፉን ለአይንሽታይን ላከው፤ አይንሽታይንም በብርቱ ደገፈው።

የምንረግጠው ኳስ ለምን አይርገበገብም? 430 ግራም የሚመዝን ኳስ በሰከንድ 25 ሜትር ሲበር የሞገዱ ርዝመት ከአንድ አቶም አስኳል እንኳ ከአሥር ቢሊዮን ቢሊዮን ጊዜ በላይ ያነሰ ነው። ያን የሚያሳይ ወንፊት በዓለም ላይ የለም። ኤሌክትሮን ግን ግዝፈቱ ኢምንት ስለሆነ ሞገዱ ከአቶሞች መጠን ጋር ይቀራረባል፤ ስለዚህ አቶሞቹ በሥርዓት የተደረደሩበት ክሪስታል ወንፊት ሊሆነው ይችላል።

ወንፊቱ የተገኘው በአደጋ ነው። በኒው ዮርክ ማንሃተን፣ ዌስት ስትሪት ላይ በነበረው የቤል ቤተ ሙከራዎች ሕንጻ (ዛሬ የአርቲስቶች መኖሪያ ነው)፣ ክሊንተን ዴቪሰንና ሌስተር ገርመር ኤሌክትሮኖችን በኒኬል ላይ እየተኮሱ አነጣጠራቸውን ያጠኑ ነበር። በ1925 ፈሳሽ አየር የያዘ ጠርሙስ ፈነዳ፤ የሙከራው የመስታወት ዕቃ ተሰብሮ አየር ገባ፣ የጋለው ኒኬልም ዛገ። ዝገቱን ለማስለቀቅ ብረቱን ደጋግመው አጋሉት። ሳያስቡት፣ ከብዙ ደቃቅ ክሪስታሎች የተሠራው ኒኬል ቀልጦ እንደሚረጋ ቅቤ ተሰብስቦ ጥቂት ትላልቅ ክሪስታሎች ሆነ። ሙከራው ሲቀጥል ውጤቱ ሌላ ነበር፤ ኤሌክትሮኖቹ በአንዳንድ አቅጣጫ በብዛት፣ በሌላው በጥቂቱ ይነጥሩ ጀመር።

ዴቪሰን ትርጉሙን የተረዳው በ1926 በጋ ለዕረፍት ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ በኦክስፎርድ የሳይንስ ጉባኤ ላይ ሲገኝ ነው። ጀርመናዊው ማክስ ቦርን የእርሱን የቀድሞ ልኬት የደ ብሮይ ሞገድ ማስረጃ አድርጎ ሲጠቅስ ሰማ። ተመልሶ ከገርመር ጋር ሆን ብለው ፈለጉት። በ54 ቮልት የተተኮሱት ኤሌክትሮኖች በ50 ዲግሪ አቅጣጫ ጎልተው ወጡ፤ ከኒኬሉ አቶሞች ርቀት የተሰላው የሞገድ ርዝመት 0.165 ናኖሜትር፣ የደ ብሮይ ቀመር የሚሰጠው 0.167 ናኖሜትር ነው። ውጤቱ በ1927 ታተመ።

በዚያው ዓመት በስኮትላንድ አበርዲን ጆርጅ ቶምሰን ኤሌክትሮኖችን በእጅግ ስስ ቅጠሎች አሳልፎ በፎቶ ሰሌዳ ላይ እንደ ኩሬ ሞገድ የሚሰፉ ቀለበቶችን አገኘ። ጆርጅ የዚያው የጄ. ጄ. ቶምሰን ልጅ ነው። አባትየው ኤሌክትሮን ቅንጣት መሆኑን ካሳወቀው ሥራ ጋር በተያያዘ በ1906፣ ልጁ ኤሌክትሮን ሞገድ መሆኑን በማሳየቱ ከዴቪሰን ጋር በ1937 የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። አባትና ልጅ በዚህ የተጣሉ አይመስለኝም፤ ሁለቱም ልክ ነበሩና።

ሞገዱ ለሥራ

በተራ ማይክሮስኮፕ ከብርሃኑ ሞገድ ርዝመት እጅግ ያነሰ ነገር ማየት አይቻልም፤ የሚታየው ብርሃን ደግሞ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ነው። በ100 ሺህ ቮልት የተገፋ ኤሌክትሮን ግን የሞገዱ ርዝመት 0.004 ናኖሜትር ያህል ነው። ኤርንስት ሩስካና ማክስ ክኖል በ1931 በበርሊን ኤሌክትሮኖችን በማግኔት እያጠፉ የመጀመሪያውን የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሠሩ። በ2020 ዓለምን ያስጨነቀው፣ መቶ ናኖሜትር ያህል ብቻ የሆነው ኮሮና ቫይረስ ዙሪያውን አክሊል ለብሶ የታየው በዚሁ መሣሪያ ዝርያዎች ነው። የደ ብሮይ የወረቀት ስሌት ለቫይረስ ተመራማሪ ዓይን ሆነ ማለት ነው።

ኤሌክትሮን «ሲሻው ሞገድ፣ ሲሻው ቅንጣት ይሆናል» የሚለው የተለመደ አነጋገር ግን ብዙም አያስረዳም። ነገሩን አጥርቶ የሚያሳየው በ1989 አኪራ ቶኖሙራና ባልደረቦቹ በጃፓን ሂታቺ ኩባንያ ያደረጉት ሙከራ ነው። ኤሌክትሮኖችን አንድ በአንድ፣ ሁለት መንገድ ባለው መሣሪያ አሳለፏቸው። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን መቀበያው ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ ሆኖ አረፈ፤ ይህ የቅንጣት ጠባይ ነው። መጀመሪያ ነጥቦቹ እንደተበተነ ጤፍ ነበሩ። በሺዎች ሲቆጠሩ ግን ብሩህና ጨለማ መስመሮች እየተፈራረቁ ወጡ፤ ይህም የሞገድ ጠባይ ነው። ኤሌክትሮኖቹ በመንገድ ላይ እርስ በርስ አልተገናኙም፤ አንዱ ከማረፉ በፊት ሌላው አልተነሣም ማለት ይቻላል። ሞገዱ የእያንዳንዱ ነው፤ የሚወስነውም የት የማረፍ ዕድሉ ሰፊ፣ የት ጠባብ እንደሆነ ነው።

ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች የሚከተሉት ጥያቄ ይህ ጠባይ እስከ ምን ያህል ግዝፈት ይዘልቃል የሚለው ነው። በ1999 በቪየና ዩኒቨርሲቲ ስድሳ የካርቦን አቶሞች ያሉት፣ እንደ ኳስ የተሰፋ ሞለኪውል ሞገድነቱን አሳየ። በ2019 እዚያው ከተማ የተሞከሩት ሞለኪውሎች እስከ ሁለት ሺህ የሚደርሱ አቶሞች ነበሯቸው፤ መስመሮቹ ግን አልጠፉም።